ያዕቆብም ምንደኛ ነበር

ገና ሊደርስ ሲል፣ በታኅሣሥ ማገባደጃ፣ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ‹ኖላዊ› የምትለው ሰንበት አለ። ኖላዊ በግእዝ እረኛ ነው። የዕለቱ ስብከት መልካሙን እረኛ ከምንደኛው ጋር ያነጻጽራል፤ አውሬ ሲመጣ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ይፈረጥጣል። በፕሮቴስታንቱም ቤት የዮሐንስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ ሲነበብ የሚሰበከው ከዚህ የራቀ አይደለም። ምንደኛ በምንዳ፣ ማለትም በድካሙ ዋጋ የሚያድር ሰው ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ስድብ ሆኗል። ፖለቲከኛው ባላንጣውን ምንደኛ ይለዋል፤ በጋዜጣም ሲወጣ ከ‹ባንዳ› እና ከ‹ከሃዲ› ጎን ተሰልፎ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከእውነተኞቹ ምንደኞች ጋር ነው። በምዕራብ ሐረርጌ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነበርኩ። የመቻራ ሰው ‹ዶክተር› ይለኛል፤ አይደለሁም፤ ግን ማን ሰምቶኝ! ከጭሮ በበዴሳና በገለምሶ አድርጎ መቻራ የሚገባውን መንገድ፣ ከዚያም ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚወርደውን የዳሮ ለቡ ቆላ፣ የክትባት በረዶ ሣጥን ከሞተር ሳይክሉ ኋላ አስሬ ተመላልሼበታለሁ። በየደረስኩበት መንጋውን ሰብስቦ የሚጠብቀኝ ባለቤቱ አይደለም፤ የሰው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። የትኛዋ እንዳስነጠሰች፣ የትኛዋ ሣር እንደተወች፣ የትኛዋ እንደጨነገፈች የሚነግረኝ እሱ ነው።

ጡረታ ስወጣ በርቀት ትምህርት ዕብራይስጥ ጀመርኩ። ፊደሉን እየቆጠርኩ ኦሪት ዘፍጥረት 30 እና 31 ላይ ስደርስ ግን ከሥራ ቦታዬ ያልወጣሁ መሰለኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ እረኛ ሥራ በዝርዝር የሚተርክ ታሪክ ቢኖር ይኸው ነው፤ ባለታሪኩም ምንደኛ ነው። ያዕቆብ የላባን መንጋ በደመወዝ ጠበቀ። የምለው ነገር አጭር ነው፦ እነዚህ ሁለት ምዕራፎች ስለ ተላጠ በትር ተአምር ሳይሆን ስለ እረኛ ደመወዝ የተጻፉ ናቸው። እኛ ግን በትሩን እየሰበክን ደመወዙን ረስተነዋል። በመንደራችን የሰው ከብት የሚጠብቀው ልጅም የረሳነውን እየከፈለ ነው።

ዕብራይስጡ ደመወዝን ‹ሳካር› ይላል። ሥሩን እየተከተላችሁ ብታነቡ በየገጹ ታገኙታላችሁ። ላባ ገና መጀመሪያ ላይ ዘመዴ ስለሆንክ በነጻ ልታገለግለኝ ነውን ብሎ ደመወዙን ይጠይቀዋል። ልያ ልጇ ከዱር ባመጣው እንኮይ ባሏን ለአንድ ሌሊት ‹ተከራየችው›፤ ከዚያ የተወለደውን ልጅ ስም ይሳኮርን መጽሐፉ ከዚሁ ሥር ጋር ያያይዘዋል። ራሔልም ብትሆን ስሟ በዕብራይስጥ እናት በግ ማለት ነው፤ ሥራዋም እረኝነት ነበር። ያዕቆብ 20 ዓመት አገለገለ፤ 14ቱን ለሁለቱ ሚስቶቹ፣ 6ቱን ለከብት። የቤቱ ጉዳይ ሁሉ፣ ጋብቻና ልጅ መውለድ ሳይቀር፣ በደመወዝ ቋንቋ ይነገራል።

ዮሴፍ ከተወለደ በኋላ ያዕቆብ ወደ አገሬ ልሂድ ሲል ላባ ደመወዝህን ወስን አለው። እዚህ ላይ የገባው ግሥ መብሳት የሚል ፍች አለው፤ ለይቶ መናገር፣ በስም መጥራትም ነው። እኛም ዋጋ ላይ ስንደራደር ‹ቁርጡን ንገረኝ› እንላለን። እነሱ በሱ፣ እኛ ቆረጥን፤ ጉዳዩ አንድ ነው፣ ኋላ የማይላወስ ነገር ተናገር ነው።

ያዕቆብም ቁርጡን ተናገረ። በዚያ አገር በግ በብዛት ነጭ፣ ፍየል በብዛት ጥቁር ነው። ከበጎቹ ጠቆር ያለው፣ ከፍየሎቹ ነቁጣና ዝንጉርጉር ያለበት የእኔ ደመወዝ ይሁን፣ የቀረው ያንተ አለ። ቁጥጥሩንም ራሱ አስቀመጠ፦ ደመወዜን ልታይ ስትመጣ በእኔ ዘንድ ነጠላ ቀለም ያለው ከተገኘ የተሰረቀ ነው በለው። ምስክር አያስፈልግም፣ ጽሕፈት አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ከሩቅ ቆሞ በዓይኑ ብቻ ሒሳቡን ይመረምራል። ላባ ተስማማ፤ በዚያው ቀን ግን ነቁጣና ዝንጉርጉሩን ለይቶ ለልጆቹ ሰጠና የሦስት ቀን መንገድ አራቃቸው። ያዕቆብ ከባዶ ጀመረ።

ይህን ውል ያሰበ ሰው መንጋውን ጠንቅቆ ያውቃል። ቀለሙ ምልክት የሚሆነው የመንጋው ዋና ቀለም አንድ ሲሆን ነውና። ያዕቆብ ይህንኑ ውል ሚኤሶ ቆላ ላይ ተዋውሎ ቢሆን ላባ በማግስቱ ባዶ እጁን በቀረ። በእኛ ቆላ ያለው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ገላው ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር ነው፤ አንድ ሳይቀር ባለ ሁለት ቀለም። ፍየሉም ቢሆን ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡሬ እየተደባለቀ የሚሄድ ነው። ውል ከአገሩ መንጋ ጋር ካልተስማማ ውል አይሆንም፤ ይህንን የሚያውቀው ደግሞ እረኛው ነው።

ገበያችን ላይ የከብት ሽያጭ ሲጻፍ ‹ቀለም› የሚል ቦታ አለ። ጸሐፊው ሰልፉ ሲረዝምበት ሁሉንም ‹ዝንጉርጉር› ብሎ ያልፋል። እረኛ እንዲህ አይናገርም። አንድ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ልጅ ፍየል ጠፍታበት እያለቀሰ ክሊኒኩ መጣ። ለክትባት ከመጡት መንጋዎች ጋር ተቀላቅላ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ‹ምን ዓይነት ናት?› አልኩት። እንባውን በክንዱ ጠረገና በኦሮምኛ ዘረዘረልኝ፦ ቡሬ ናት፣ ግንባሯ ቦቃ፣ የኋላ ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነጭ ቀለበት አለው፣ የቀኝ ጆሮዋ ጫፉ ተቆርጧል፣ አንዱ ቀንዷ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ሆዷ ስር ዳልቻ ነው። ቡሬ፣ ቦቃ፣ ዳልቻ በኦሮምኛም በአማርኛም የምንግባባባቸው ናቸው። ሠላሳ ፍየል ውስጥ ብትቆም በአንድ እይታ የምለያት ያህል ሆነልኝ። የመታወቂያ ወረቀት የሚጽፉ ሁሉ እንዲህ ቢጽፉ እንዴት ጥሩ ነበር!

ዘፍጥረትም የሚናገረው እንደዚያ ልጅ ነው። ነጠብጣብ ያለበትን ‹ናቆድ› ይለዋል፤ ከእኛው ነቁጥ ጋር ዘመድነቱ ለጆሮ አይሰወርም። ዕብራውያን ፊደላቸው ላይ የሚያስቀምጡትን የአናባቢ ነጥብም ‹ኒቁድ› የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያዘጋጁት ሊቃውንትም ‹ነቁጣ› ማለታቸው ደስ ይላል። ሰፋ ያለ እራፊ የመሰለ ቀለም ያለበት ደግሞ ‹ጣሉእ› ነው፤ በመጽሐፈ ኢያሱ የገባዖን ሰዎች አጭበርብረው የተጫሙት የተጣፈ ጫማ የተገለጸው በዚሁ ሥር ነው። ‹ዐቆድ› የታሰረ ከሚለው ይመጣል፤ አብርሃም ይስሐቅን ያሰረበት ግሥ ነው። የ1954ቱ ሊቃውንት እዚህ ላይ ‹ሽመልመሌ› የሚለውን የባላገር ቃል አመጡ፤ አንዳንድ ተንታኞች ግን እግሩ ላይ የታሰረበት የሚመስል ቀለበት ያለው ነው ይላሉ። እንደዚያ ልጅ ፍየል ማለት ነው። በ31ኛው ምዕራፍ ‹ባሮድ› የሚል ይጨመራል፤ በጥቁር ላይ በረድ የዘነመበት የሚመስል። ቃሉ ከ‹ባራድ› ነው፤ ትርጉሙ በረድ፣ ድምፁም በረድ። የጭሮን ደጋ በረድ መትቶት ያየ ሰው አስተርጓሚ አይፈልግም።

መንጋውን ራሱን የሚጠራበት ቃልም ‹ጾን› ነው፤ በግና ፍየል አብሮ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ራስ ‹ሴህ› ይባላል፤ በግም ይሁን ፍየል። ለዚህ ነው የፋሲካው መሥዋዕት ከሁለቱም ሊወሰድ የተፈቀደው። እንዲያውም ዕብራይስጥ የበግ ግልገልን ‹ጣሌህ› ሲል፣ ዘመዱ የሆነው ግእዛችን ‹ጠሊ› ብሎ ፍየልን ይጠራል። በእኛ አገር ልጆች ሁለቱን ቀላቅለው ነው የሚያሰማሩት፤ ፍየሉ ቅጠል ፍለጋ ወደ ቁጥቋጦው ይወጣል፣ በጉ ሣሩ ላይ ይቀራል፣ ልጁ በመሐል ይሮጣል። በግ ብቻ ወይም ፍየል ብቻ ከመጠበቅ ይልቅ ይህ እጥፍ ሥራ ነው። ቃሉን ሳነብ የምትታየኝ የዚያ ልጅ ሩጫ ናት።

እንግዲህ ወደ በትሮቹ። ያዕቆብ እርጥብ በትሮች ቆርጦ ቅርፊታቸውን እየላጠ ነጭ ሽንትር አወጣባቸውና ከብቶቹ ውኃ ሊጠጡ ሲመጡ ፊት ለፊታቸው አቆመ። ከዛፎቹ አንዱ ‹ሉዝ› ይባላል፤ የአልሞንድ ዛፍ ነው። ሐረርጌ ለውዝ አብቃይ ናትና ይህን ቃል በአማርኛው የሰማ ምእመን ከመሬት የሚነቀለውን ለውዝ አስቦ ከዚያ እንዴት በትር ይቆረጣል እያለ ሲደነቅ አጋጥሞኛል። ሰባኪዎቻችን ይህን ክፍል ይወዱታል፤ ‹ያየኸውን ትወልዳለህ› ይሉበታል።

አትወልድም። ከብት ያየችውን ቀለም አትወልድም፤ ቢሆንማ የእኔ አካባቢ ፍየሎች ሁሉ ሲወለዱ አረንጓዴ በሆኑ፣ የሚያዩት ጫት ነውና። በብዙ የበግ ዝርያዎች ነጩ ቀለም በጥቁሩ ላይ ገዥ ነው፤ ነጭ አውራና ነጭ እናት በደማቸው የተሸሸገ ጥቁር ካለ ጥቁር ግልገል ሊወልዱ ይችላሉ። ላባ የሚታዩትን ለይቶ ቢወስድም የማይታየውን ከመንጋው ሊያወጣ አልቻለም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የትኛዋ እናት ከየትኛው አውራ ምን እንደወለደች በቃሉ የያዘ እረኛ ይበቃል። ያዕቆብ ራሱም በ31ኛው ምዕራፍ ለሚስቶቹ ታሪኩን ሲያወራ ስለ በትሮቹ አንድ ቃል አይተነፍስም። የሚያወራው በሕልሙ ስላያቸው አውራዎች ቀለም፣ ስለ አባታቸው ደመወዝ መለዋወጥና ስለ እግዚአብሔር ነው። ባለታሪኩ ዝም ያለውን እኛ ምን አስጮኸን?

በዚያው ክፍል ሌላ የሚያከራክር ነገር አለ። ያዕቆብ በትሮቹን ያቆመው ለ‹ቅሹሪም› ነው፣ ለ‹ዐጡፊም› አላቆመም ይላል። ሁለቱ ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ አልተስማሙም። በሰፊው የሚታወቀው ትርጉም ብርቱዎቹና ደካሞቹ የሚለው ነው። የአረማይስጡ ትርጉም፣ የኦንቀሎስ፣ ቀድመው የሚወለዱና ዘግይተው የሚወለዱ ይለዋል፤ የላቲኑ ቩልጌትም ወደዚያው ያዘነብላል። የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ደግሞ ምልክት ያላቸውና ምልክት የሌላቸው ይላል።

እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትርጉሞች የተጣሉ አይመስለኝም። በእኛ ቆላ ዝናብ ሲጀምር የተወለደ ግልገል እናቱ ሣር አግኝታ ወተቷ ይሞላል፤ በጋው ሲመጣ ጠንክሮ ይጠብቀዋል። በዝናቡ ማብቂያ የተወለደው ገና ጡት ሳይለቅ ሣሩ ይደርቃል፤ ውኃው ይርቃል፤ ጎኑ ይቆጠራል፤ መጀመሪያ የሚታመመውም እሱ ነው። የሰው ከብት ለሚጠብቅ ሰው ‹ቀደም ያለ› እና ‹ብርቱ› አንድ ከብት ነው። ይህን ጥያቄ ለአንድ የቆላ እረኛ አቅርቤለት ነበር። ‹ታዲያ ምን ያከራክራል?› አለኝ። አጠቃላይ መልእክቱም ግልጽ ነው፤ ያዕቆብ መቼ ማዳቀል እንዳለበት የሚያውቅ ባለሙያ ነበር፤ የላባ ሀብት የበዛው በዚያ ሙያ ነው።

ምዕራፍ 31 ላይ ነገሩ ይፈነዳል። ያዕቆብ ሰባት ቀን አሳዶ ለደረሰበት አሠሪው 20 ዓመት የዋጠውን ያወጣዋል። እናት በጎችህና ፍየሎችህ አልጨነገፉም፤ ከአውራ በጎችህ አልበላሁም፤ ቀን ሐሩር፣ ሌሊት ቁር በላኝ፤ ደመወዜን ዐሥር ጊዜ ለዋወጥክብኝ። ቃሉ ሁሉ የሥራ ቃል ነው። ከሁሉ የሚቆጠቁጠው ግን አውሬ ስለ ሰበረው ከብት የተናገረው ነው። ዕብራይስጡ ‹ጤሬፋ› ይለዋል። አውሬ የሰበረውን ወደ አንተ አላመጣሁም፣ ከራሴ ከፈልኩ፤ በቀን የተሰረቀውንም በሌሊት የተሰረቀውንም ከእጄ ጠየቅኸኝ ይላል።

ይህ ለምን ክስ ሆነ? በጥንቱ ዓለም ልማድ አውሬ የሰበረው ዕዳ የባለቤቱ እንጂ የእረኛው አልነበረምና። በባቢሎኑ ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ፣ ከ3,700 ዓመት በፊት በድንጋይ በተቀረጸው፣ በበረት ውስጥ ከአምላክ የመጣ መቅሠፍት ቢወርድ ወይም አንበሳ ቢገድል እረኛው ይምላል፣ ጉዳቱን ባለቤቱ ይቀበላል። እረኛው በቸልተኝነቱ ካጠፋ ይተካል፤ የከብቱን ምልክት ለውጦ ከሸጠ ዐሥር እጥፍ ይከፍላል። በኦሪት ዘጸአት 22ኛ ምዕራፍም አውሬ ከሰበረው እረኛው ስባሪውን ለምስክር ያምጣ፣ አይክፈል ይላል። ነቢዩ አሞጽ እረኛ ከአንበሳ አፍ ሁለት እግር ወይም የጆሮ ቁራጭ እንደሚያስጥል ሲናገር እኛ ‹የጆሮ ቁራጭ ምን ያደርጋል?› እያልን እንገረማለን። እረኛው ግን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ የጆሮ ቁራጭ ማስረጃው ነው። ያዕቆብ ይህ መብት እያለው ስባሪውን ሳያመጣ ከኪሱ ከፈለ።

ያንን የጆሮ ቁራጭ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ማለዳ የአሥራ ሁለት ዓመት ግድም ልጅ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ በሬን አንኳኳ። ፈታው፤ ደም የደረቀበት የፍየል ጆሮ ነው፣ ከሥሩ የተቦጨቀ፤ ጫፉ ላይ የባለቤቱ ምልክት፣ ሁለት ቀዳዳ አለ። ጅብ ሌሊት በረት ሰብሮ ገብቶ ሁለት ወስዷል። ልጁ በባትሪ ተከትሎ፣ ጓሮ ለጓሮ ወርዶ፣ ያገኘው ይህን ብቻ ነው። ባለቤቱ ‹ሸጠኸዋል› ብሎታል። ልጁ ከእኔ የፈለገው መድኃኒት አልነበረም፤ ጆሮው በቢላ የተቆረጠ ሳይሆን በጥርስ የተቦጨቀ መሆኑን ወረቀት ላይ እንድጽፍለት ነው። ጻፍኩለት፣ ማኅተም አደረግኩበት። ወረቀቱ የልጁን የዓመት ደመወዝ አላዳነም፤ ባለቤቱ ‹በረቱን ማን ክፍት ተወው?› አለና የዓመቱን ግልገል አስቀረበት። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቶቹ ይወዱታል። ውሉ ውስጥ ስለ ጅብ የተባለ ነገር አልነበረም፤ ያልተባለው ደግሞ ሁልጊዜ የሚተረጎመው ለባለቤቱ ነው።

እኔ በማውቀው አካባቢ የሰው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ውሉ በቃል ነው። በዓመት አንዲት ግልገል፣ አንድ ልብስ፣ አንድ ጫማ፣ ምግብ። ማሽላው ካልሰመረ ልብሱ ይቀራል። አረፋ ወይም ፋሲካ ደርሶ የበግ ዋጋ ከናረ ግልገሏ ትሸጥና ‹የሚቀጥለው ዓመት እጥፍ እሰጥሃለሁ› ይባላል። ከሚወለደው እኩል ለመካፈል ከብት የሚረከበው ትልቅ ሰውም ቢሆን ችግሩ ያው ነው። የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ገብቶ መንጋው ባለቀበት ዓመት ስንት ጠብ ገላግያለሁ! በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ክትባት ሳይደርስ ቢቀር እረኛው ምን ያድርግ? ሐሙራቢ እንኳ መቅሠፍቱን ከእረኛው ጫንቃ ላይ አውርዶታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። በቆላው የማገኛቸው እረኞች ግን ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከዚያ በታች ነው። ‹የዘመድ ልጅ ነው፣ እያሳደግኩት ነው› ይባላል። ላባም ያዕቆብን ዘመዴ፣ አጥንቴና ሥጋዬ ብሎ ነው የተቀበለው፤ ደመወዙን ዐሥር ጊዜ የለዋወጠውም ዘመዱ ነው። ዝምድና ውልን የሚተካ ከመሰለን ዘፍጥረትን አላነበብነውም።

‹ያዕቆብስ አታላይ አልነበረም?› የሚለኝ አይጠፋም። ወንድሙን አታሏል፣ አባቱን አታሏል፤ መጽሐፉ አልደበቀውም። በዚህ ውል ግን ላባ የያዕቆብን ድንኳን ሁሉ በርብሮ ያገኘው ነገር አልነበረም፤ ያዕቆብም በወንድሞቻችን ፊት አቅርበው አለ፤ የሚቀርብ ጠፋ። አመለኛ ሰውም ቢሆን ደመወዙ ደመወዝ ነው። ‹ጨዋ ሲሆን እከፍለዋለሁ› ማለት አለመክፈል ነው።

ጎረቤቴ ሐጂ ይህን ሳወራቸው ‹የእኛም ሙሳ በምንዳ ነበር› አሉኝ። በቁርኣን ሱረቱል ቀሰስ ሙሳ በመድየን ለሽማግሌው ሊያገለግል ሲዋዋል ስምንት ዓመት ተባለ፣ ከወደደ ዐሥር። ጊዜው ተቆርጧል፣ ዋጋው ተቆርጧል፣ ትርፉ ደግሞ ለፈቃዱ ተትቷል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱባት መቻራ ይህ ለሁለታችንም የጋራ ስብከት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ‹ውል የቢሮ ሰው ነገር ነው፣ የእኛ ሰው አይጽፍም› የሚለውን አልቀበልም። ያዕቆብና ላባም አልጻፉም፤ በቀለም ተዋዋሉ። ዛሬ ደግሞ በብዙ ቤት ስልክ አለ። መንጋው ለእረኛው ሲሰጥ ባለቤቱና እረኛው በአንድ ሽማግሌ ፊት ቆመው እያንዳንዷን በፎቶ ያንሷት፤ ቡሬዋም፣ ቦቃዋም፣ ዳልቻዋም ትታይ። ሁለቱም ይያዙት፤ ስልክ የሌለው ልጅ ሽማግሌው ይያዝለት። ደመወዙ በቁርጥ ይነገር፦ ስንት ግልገል፣ በየትኛው ወር፣ የትኛዋ እናት ከወለደችው። የእረኛው ድርሻ የሆነች ግልገል በተወለደች ሳምንት የእሱ ምልክት ጆሮዋ ላይ ይደረግ፤ በዓል ሲመጣ ‹አልተለየችም› እንዳይባል። አውሬ ለሰበረው ጆሮ ወይም እግር ይበቃል ይባል፤ በሽታ የገደለው በጤና ባለሙያ ወይም በሁለት ጎረቤት ምስክርነት ከእረኛው ይውረድ። በቸልተኝነት የጠፋውን እረኛው ይተካ፤ ይህም ፍትሕ ነው፣ ሐሙራቢም ብሎታል። ከ15 ዓመት በታች የሆነው ልጅ ደግሞ አይቀጠር፤ የቤተሰቡን ከብት የሚጠብቅ ቢሆንም ትምህርት ቤቱ ፈረቃ ያለው ከሆነ በየትኛው ፈረቃ እንደሚገባ አስቀድሞ ይወሰንለት።

ቄሶቻችን፣ ፓስተሮቻችንና ሼሆቻችን የሚረዱን እዚህ ላይ ነው። ጥሩ እረኛ ሁኑ የሚለውን ስብከት ለእረኛው ለዘመናት ሰብከነዋል፤ ሰምቶታልም፤ ሌሊት በባትሪ ከጅብ ኋላ የሚሮጠው እሱ ነው። ዘፍጥረት 31 ግን የተነገረው ለባለቤቱ ጆሮ ነው። የሚከሰሰው ላባ እንጂ እረኛው አይደለም። ስብከቱ አድራሻውን ይለውጥ፤ ከብት ያለው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ደመወዝ ምን ያህል ጊዜ እንደለወጠ ራሱ ይቁጠር።

ለባለከብቶች የምለው ይህ ነው። ዋጋውን ቆርጣችሁ ተናገሩ፣ በተናገራችሁት ወር ክፈሉ፣ ጅብ ለበላው ልጁን አታስከፍሉት። ይህን የማይችል ሰው ከብቱን ራሱ ይጠብቅ።